አጎቴ ያላጠቧቸው የካርታ ጠጠሮች

አጎቴ ካረፉ ወዲህ እሑድ ከሰዓት ይከብደኛል። በነቀምቴው ሱቃችን ጓዳ ከሁለት ወዳጆቻቸው ጋር ተቀምጠው፣ ካርታ ተጫዋቾች በብር ፈንታ የሚያስይዟቸውን ክብ ጠጠሮች አንዱ ለሌላው የሚያሳዩበት ሰዓት ነበር። ሦስቱም እንዲህ ያለ ጠጠር ይሰበስቡ ነበር። ወዳጆቻቸው የእነሱን በሳሙና አጥበው ያብለጨልጩታል፤ አጎቴ ግን ውሃ አያስነኩም።

«እድፉ የሰው እጅ ነው» ይሉ ነበር።

«ኦቦ፣ ቆሻሻ ወደዱ እንዴ?» እያሉ ይስቁባቸዋል።

አንድ እሑድ ሳቁ ሲበዛባቸው ጠርዙ የተሸረፈ ቀይ ጠጠር አነሡ።

«ይቺ የወንድሜ ናት። ጨዋታውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያለውን ሁሉ ተበልቶ፣ በሐፍረት ወደ ጊዳ አያና እንደሄደ ቀረ። ጣቱ ያረፈበትን እንዴት ልጠብ?»

ወንድማቸው አባቴ ነው። ለምን ጥሎን እንደሄደ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከቀብሩ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ከሁለቱ ወዳጆቻቸው መምህር የሆኑት ብቻቸውን መጡ። ባዶውን መቀመጫ ሲያዩ ቆይተው፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ በጠጠሮቹ ነገር የእኔም ልብ ከእሳቸው ጋር ነበር። የሳቅሁት ሌላው እንዳይስቅብኝ ብዬ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ምነው ይህን ለእሳቸው በነገሯቸው ኖሮ» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፍተው አለቀሱ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ።