በሚስት ካርድ

ጉርድ ሾላ ወደነበረው ላቦራቶሪያችን ራሱ የሚቆጥር ማይክሮስኮፕ የገባ ቀን እንደኔ የተደሰተ አልነበረም። ከዚያ በፊት የወንድ ዘር ክሮሞዞም የምንመረምረው በዓይናችን ነበር። ዘሩን መስታወት ላይ በስሱ እናሰራጭና የተመረጡ ክሮሞዞሞችን በሚያበራ ቀለም ምልክት እናደርጋለን፤ ከዚያ አንገቴ እስኪደርቅ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ጤነኛዋ የዘር ሕዋስ ከየቀለሙ አንድ ነጥብ ብቻ አላት። ሁለት ካየሁ ትርፍ ክሮሞዞም ይዛለች ማለት ነው፤ ከእንዲህ ዓይነቷ የተጀመረ ፅንስ ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። አዲሱ ማሽን ግን መስታወቱን ራሱ እያንቀሳቀሰ፣ ፎቶ እያነሳ ይቆጥራል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ላሉ የሰፈሬ ልጆች ጉራዬን ነዛሁባቸው።

በዚያው ሰሞን ከየካ አባዶ ባልና ሚስት መጡ። ሚስትየዋ አራት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። አማቷ «ማሕፀኗ አይቋጥርም» ብለው ፈርደውባት፣ ልጃቸው እስከ ፋሲካ እንዲፈታት ቁርጡን ነግረውታል። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ደም ልቀዳላት ክንዷን ዘርግታ። የእሷ ምርመራ ሁሉ ደህና ሆነ። ሐኪሙም የባልየውን ናሙና አዘዘ።

ማሽኑ ባለ ሁለት ነጥብ ሕዋሶችን ከልክ በላይ አገኘ። አላመንኩትም። ያንኑ መስታወት ሁለት ቀን ሙሉ በዓይኔ ቆጠርኩት፤ የኔም የማሽኑም ገጠመ። በሰው ችግር መደሰቴ ቢያሳፍረኝም ከወንበሬ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ።

ወረቀቱ ሲታተም ግን ከላዩ ላይ ያለው የሚስትየዋ ስም ነው! የወንድ ዘር ምርመራ፣ በሴት ስም። ካርድ ክፍል ወርጄ ብጠይቅ ሠራተኛዋ አልደነገጠችም። ባሎች ስማቸው መጠበቂያው ክፍል ውስጥ እንዳይጠራ ናሙናቸውን በሚስታቸው ካርድ ያስገባሉ፤ እሷም ለምዳዋለች። እኔ ስሠራ የነበረው በናሙናው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ስሙን አላየሁትም። ይህ ወረቀት አማትየዋ ቤት ቢገባ የሚነበበው የሚስትየዋ ስምና «ችግር አለ» የሚለው ብቻ ነው። ደሜ ፈላ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ባልና ሚስቱ ውጤት ሊወስዱ ሲመጡ ወረቀቱን አልሰጥም ብዬ ያዝኩት።

«በራስዎ ስም ካርድ ያውጡ» አልኩት ባልየውን።

«ምን ልዩነት አለው፣ እህቴ? እኔና እሷ አንድ ነን።»

«አንድ ከሆናችሁ ታዲያ ቤት ስትገቡ ጥፋቱ ለምን የእሷ ብቻ ይሆናል?»

ምላሴ አያርፍም። ሚስቱን አያት፤ እሷ ወለሉን ታያለች። ተነስቶ ወጣ። በዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ድምፅ ተሰማ፤ ስሙን እስከነአባቱ ጠራችው። በሴቶች የተሞላው መጠበቂያ ክፍል ቀና አለ።

«አቤት!» አለ፣ እስከ ደረጃው ድረስ በሚሰማ ድምፅ።

ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። በስሙ አዲስ ወረቀት አተምኩ። ሐኪሙ ለፅንሱ መውረድ ሰበቡ የእሱ ዘር ሊሆን እንደሚችል፣ ሕክምናም ሊሞከር እንደሚችል አስረዳቸው። የመጀመሪያውን ወረቀት ሚስትየዋ ከእጄ ተቀብላ በዝግታ ቀደደችው።

ባልየው የራሱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። «እናቴ ማንበብ አይችሉም» አለኝ። «እኔ አነብላቸዋለሁ፤ ከስሜ ጀምሬ።»

ከፋሲካ በኋላ አብረው ተመለሱ፤ ሁለት ካርድ ይዘው።