አራት ጣት የላላ መሪ

ነገሩ በጠቅላላው ሃያ ሁለት ሺህ ሃምሳ ብር አስወጥቶኛል። በዚህ ውስጥ የጌም መሪው ከነፔዳሉና ከነማርሹ፣ ከሞያሌ ነገሌ ድረስ የተጫነበት፣ የታሰረበት የብረት ጠረጴዛ፣ ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ የተማረችበትና ሁለት ጊዜ የተፈተነችበት አለ። የእኔ ንዴት አልተካተተም፤ ለእሱ ደረሰኝ አይቆረጥም።

ሱቄ ነገሌ ነው። ስኳር፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ዘይትና ሳሙና እሸጣለሁ። ትርፉ ግን ከተማ ውስጥ አይደለም፤ ከተማ ውስጥ ሱቅ ከሱቅ ተፋጦ ሳንቲም ይሻማል። ትርፉ ያለው ሊበን ገጠር ውስጥ በሚቆሙት የከብት ገበያዎች ነው። ወይፈኑን የሸጠ ሰው ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ ሳያድር ስኳሩን ገዝቶ መመለስ ይፈልጋል። ዕቃውን እዚያ ያደረሰ ነጋዴ ይሸጣል፣ ያላደረሰ ነገሌ ቁጭ ብሎ ዝንብ ያባርራል። እኔ የማደርሰው በአንዲት አሮጌ ፒክ አፕ ነበር።

መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ ስሄድ የዓይን ምርመራው ጣለኝ። የነገሌ አቧራ ነው ብዬ የናቅሁት ጭጋግ የራሴ ዓይን ሆኖ ተገኘ፤ መነጽርም አይመልሰውም አሉኝ። ሹፌር ቀጠርኩ። ጎበዝ ሹፌር ነበር፣ ጉድለቱ መኪናዋ የእሱ መሆኗን ማመኑ ብቻ ነው። የእኔን ስኳር ወስዶ የራሱን ከሰል ጭኖ ይመለሳል። በመጨረሻ ሞያሌ የተሻለ መኪና አገኘና ቁልፉን ባንኮኒው ላይ ጥሎልኝ ሄደ።

ወሬው በከተማው ሳይዞር አንድ የሙያ ወንድሜ መጣ። ወንድሜ ስል በእነዚያው ገበያዎች በኪራይ አይሱዙ ተጭኖ እየመጣ ከጎኔ የሚዘረጋ ተፎካካሪዬ ማለቴ ነው።

«መኪናዋ ቆማ ከምትዝግ ልግዛት» አለኝ።

መኪናዋን ከሸጥኩለት ገበያዎቹንም ምርቃት አድርጌ እንደምሰጠው ሁለታችንም እናውቃለን። ባልሸጥለት ደግሞ የቆመች መኪና ስኳር አታደርስም።

«እስከ ፋሲካ ላስብበት» አልኩት።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ ቀናም አላለች።

«እኔ እነዳታለሁ» አለች።

«በምን ተምረሽ?»

«ባለፈው ዓመት ከሞያሌ አምጥተህ ባስቀመጥከው።»

እዚህ ላይ ስለ መሪው ልናገር። ከሱቄ ጎን ባለችው ክፍል ጌም ቤት አለን፤ የምታስተዳድረው እሷ ናት። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ይመጣሉ፣ በአምስት ብር ኳስ ይጫወታሉ። ሞያሌ ለዕቃ ሄጄ ይህን መሪ አየሁ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ሆኖ ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ነዳጅ፣ ከጎኑም ማርሽ አለው። ሻጩ «ፈረንጅ የተጠቀመበት ነው» አለኝ። ይህን ቃል እኔም ለገበያተኛ ስለምለው ኃይሉን አውቀዋለሁ፣ ያም ሆኖ ሠራብኝ፤ አሥራ አራት ሺህ ብር ከፈልኩ። በመሪ የሚጫወት አሥር ብር ይከፍላል ብዬ አሰብኩ። ልጆቹም ለጊዜው ከፈሉ።

«ያ እኮ መጫወቻ ነው» አልኳት።

«ፍሪሲዮን አለው አይደል?» አለች።

ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ ክፍሉ ባዶ ነው። በማግስቱ ሱቁን ለእኔ ትታ እዚያ ገባች። ጌሙ ከድንበር ማዶ የመጣ በመሆኑ መኪናው የኬንያን ሥርዓት ይዞ በግራ በኩል ነው የሚሄደው። እሷ ገና ሳትነዳ ያን አስተዋለች፤ ማስተካከያው ገጽ ውስጥ ገብታ በቀኝ የሚነዳበት ከተማ እስክታገኝ ፈለገች። እኔ ብሆን በግራ ነድቼ ነገሌ ላይ ሰው እጨርስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነው እስከ ዛሬ የማደንቀው። ማንም ሰው አዲስ ዕቃ ሲያገኝ የተሻለ እንዲሠራ ያስተካክላል። ልጆቹ መሪውን በትንሽ ንቅናቄ እንዲታጠፍ፣ ፔዳሉን ነካ ሲያደርጉት እንዲበር አድርገው ነበር። እሷ ግን አንዴ ጌሙ ላይ ትቀመጥና ተነሥታ ግቢ ወደቆመችው ፒክ አፕ ትሄዳለች፤ ሞተሯን አስነሥታ፣ አንገቷን በመስኮት አውጥታ የፊተኛውን ጎማ እያየች መሪውን በቀስታ ታዞራለች። ከመሪው አናት ላይ ቀይ ክር አስራበታለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት ከሱቁ በር ላይ።

«አራት ጣት» አለች።

«ምኑ?»

«መሪውን አራት ጣት እስካዞረው ድረስ ጎማው አይሰማም። ከአራት ጣት በኋላ ነው የሚነቃው።»

እውነቷን ነው። የእኛ መኪና መሪ መካኒኮች ጨዋታ የሚሉት መላላት ነበረው። መካኒኩ አይለቅም ብሎ ምሎልኛል፣ ለመለወጥ ግን የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ ሌላ መኪና የሚገዛልኝ መስሎኝ ነበር። እኔ ከመኪናዋ ጋር አብሬ ስላረጀሁ ጨዋታው ይኑር አይኑር አይታወቀኝም።

ተመልሳ ገባችና የጌሙን መሪ አራት ጣት ሲዞር መኪናው እንዳይሰማ አደረገችው። ማስተካከያው ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚገፉ መስመሮች አሉ፤ አንዱን ትገፋለች፣ ትነዳለች፣ ወደ ግቢ ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትገፋለች። የእኛ ፍሬን አንዴ ሲረገጥ ይለግማል፣ ሲደገም ነው የሚይዘው። ጌሙ ይህን አያውቅም። እሷ ከአሮጌ ጎማ ቆርጣ ከፔዳሉ ሥር ወተፈችበትና እግሯን ሁለት ጊዜ መርገጥ አስለመደችው። ጠጠር መንገድ ላይ የእኛ መሪ እንደ ወባ በሽተኛ ስለሚንቀጠቀጥ የጌሙንም መንቀጥቀጥ እስከ ጥጉ ከፈተችው፤ በዚህ ምክንያት የእንጨት ጠረጴዛው እየተራመደ በሩ ጋ ደረሰ። የብረቱን ያሠራሁት ያኔ ነው።

«ይህን ያህል የተከፈለበትን መሪ ከእኛ ቆርቆሮ እኩል አደረግሽው» አልኳት።

«ጥሩ መሪ ምን ያደርግልኛል? የምነዳው መኪና ጥሩ አይደለም።»

ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ልጆቹ ከሰዓት መጡ። አንደኛው አሥር ብሩን ከፍሎ ተቀመጠ፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ አጥር ጥሶ ገባ።

«አዴ፣ ይሄ መሪ ታሟል!» አላት ባለቤቴን።

«አልታመመም፣ አርጅቷል» አለችው።

«ወደ ድሮው መልሺልን!»

«በየቀኑ ከመለስኩት እጄ ልኩን ያጣዋል። ኳስ ተጫወቱ።»

ተጫወቱ። የአሥር ብር ወንበር ባዶውን ቀረ። እኔ ከሱቁ ሆኜ ያንን ወንበር ሳይ የሚሰማኝን ወንበር ያከራየ ሰው ያውቀዋል። ተፎካካሪዬም ወሬውን ሰምቶ መጣና በሩ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አያት። እሷ ዝናብ በማያባራበት የፈረንጅ ከተማ ውስጥ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ጥሩንባ ይነፋል።

«በቴሌቪዥን ዋና የተማረ ሰው ገናሌ ወንዝ ሲገባ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ?» አለኝ።

«እንዴት ይሆናል?»

«አዞ ይጠግባል» ብሎ ሄደ።

መብራት ሲጠፋ ፒክ አፗ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሣ ማርሽ ትለማመድ ነበር። የአሽከርካሪ ማሠልጠኛም ገብታ ትምህርቱን ጨረሰችና ለፈተና ቀረበች። እኔ ከአጥሩ ውጭ ከሌሎቹ ባሎችና አባቶች ጋር ቆሜ አያለሁ። የፈተናው መኪና የማሠልጠኛው ነው፤ መሪው ጠበቅ ያለ፣ ገና ሲያስቡት የሚታጠፍ። በትምህርቱ ጊዜ የደረሳት ሌላ አሮጌ፣ መሪው እንደ እኛው የላላ መኪና ነበርና ይሄኛውን አታውቀውም። ወደ ኋላ ገብታ በተተከሉት እንጨቶች መሃል መቆም ነበረባት። አራት ጣት ቀድማ አዞረች። መኪናው ወዲያው ታዘዘና ሁለት እንጨት አጋደመ።

ፈታኙ በመስኮት ጎንበስ ብሎ «እናቴ፣ መሪው ምን አድርጎሽ ነው?» አላት።

«ቶሎ ሰማኝ» አለች።

ፈታኙ በወረቀቱ ላይ ምን ብሎ እንደጻፈው አላውቅም፣ ወድቃለች። ወደ ቤት ስንመለስ በእግር ነበር። ማጽናናት አልችልበትም፣ ደግሞም በልቤ ስለ ፋሲካ መቃረብ እያሰላሁ ነበር። እሷ በመንገዱ አጋማሽ ቆመች።

«ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የመሪውም አይደለም» አለች። «አንድ መኪና ብቻ ነው ያወቅሁት።»

በማግስቱ የጌሙን መሪ መልሳ አጠበቀችው። ጎማውን ከፍሬኑ ሥር አወጣች፣ መንቀጥቀጡን አበረደች፣ የፈተናውን መኪና በሐሳቧ ይዛ መስመሮቹን እየገፋች ለካችው። ልጆቹ ሲመጡ መሪው ድኖ አገኙት፤ ተሰልፈው አሥር አሥር ብራቸውን ከፈሉ። አንዱ «አዴ፣ ሐኪሙ ማነው?» ሲላት «ፈታኙ» አለችው። ለሁለተኛው ፈተና ስትቀርብ እንጨቶቹ እንደተተከሉ ቀሩ። መንጃ ፈቃዷን ይዛ ስትወጣ ለእኔ አላሳየችኝም፤ ለፈታኙ እጅ ነሥታ፣ ቤት ገብታ፣ ጎማውን ከፍሬኑ ሥር መልሳ ወተፈች። መሪውንም እንደገና አራት ጣት አላላችው። ልጆቹ ዋይ አሉ። ወንበሩ ባዶ ሆነ።

«አልፈሻል እኮ! አሁን ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«ያለፍኩት የእነሱን መኪና ነው» አለች።

ከፋሲካ በፊት ያለው የመጨረሻው ትልቅ ገበያ ደረሰ። ስኳርና ፓስታ ጫንን። እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ በዚያች መኪና ውስጥ በዚያ በኩል ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ከነገሌ ወጥተን ቀዩ አፈር ላይ ስንደርስ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሷ እጇን ሳትጨብጥ ዘና አድርጋ ያዘችው። ቁጥቋጦውንና ሰው የሚያህለውን የምስጥ ኩይሳ እየታከክን እንሄዳለን። መሪውን ጎማው ከሚፈልገው ቀድማ ታዞራለች፣ ጨዋታውን ጨርሶ ሲነቃ ኩርባው እዚያው ይጠብቀዋል። እኔ ለዓመታት ሳላስበው የማደርገውን እሷ አስባ፣ ለክታ ነው የያዘችው። አነዳዷ ከእኔው ይልቅ ለስላሳ ነበር፤ ከኋላ ያለው ፓስታ አልተሰባበረም።

ወደ ደረቁ ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ከቁጥቋጦው ኋላ ግመሎች ብቅ አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ መንገዱ ሁሉ ግመል ሆነ። እግሬ በእኔ በኩል የሌለ ፍሬን ረገጠ። እሷ ረገጠች፣ ለገመ፤ ደገመች፣ ያዘ። ማርሽ ቀነሰች። መሪውን ወደ ዳር አዞረች፣ እኔ «አልታጠፈም!» ብዬ ጮህኩ፣ አራቱ ጣት አለቀና ታጠፈ። መኪናዋ ዳሩን ይዛ ስትቆም የአንደኛው ግመል ትንፋሽ ኮፈኑ ላይ ነበር።

ግመሎቹን የሚነዱት ሽማግሌ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቀረቡ። «አካም? ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ደኅንነቷን ጠየቋት። «ናጋ፣ አንቱም ናጋ?» አለች። ከዚያ እኔን አዩኝ። ሁለት እጄ መያዣውን አንቋል፣ ፊቴ ምን እንደሚመስል እሳቸው ናቸው ያዩት።

«ይሄን በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት ነው የምትወስጂው?» አሏት በኦሮምኛ።

«አይ» አለች፣ «ከዕቃው ጋር የተጫነ ነው።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ግመሎቹ አልፈው አለቁ።

ገበያው ላይ ተፎካካሪዬ ከኪራይ አይሱዙው ዕቃ እያወረደ ነበር። መጀመሪያ ፒክ አፗን አየ፣ ቀጥሎ ሹፌሯን። እሷ ወርዳ በሩን ዘጋችና የጎማዎቹን ነፋስ በእግሯ ነካ ነካ አድርጋ አየች። እሱ ወደ እኔ መጣ።

«ፋሲካ ደርሷል» አለኝ። «ምን ወሰንክ?»

እኔ አፌን ስከፍት እሷ ከመኪናዋ ማዶ መለሰችለት።

«ሥራ ላይ ናት። አይሱዙው ትቶህ ከሄደ ግን ሳይሸጥ የሚቀር ዕቃህን የመመለሻ ኪራይ በኩንታል እንነጋገር፣ ባዶዬን አልመለስም።»

አይሱዙው በእርግጥም ሌላ ጭነት አግኝቶ ሊሄድ ነበር። ተፎካካሪዬ ለረጅም ጊዜ ተከራከራት፤ እኔ ጣልቃ አልገባሁም። ከእኔ ጋር ሲከራከር እንደሚያደርገው ማለ፣ ተቆጣ፣ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። እሷ የጠራችውን ዋጋ አልቀነሰችም። ገበያው ሲበተን ያልተሸጠለትን ሁለት ኩንታል ስኳር ጫነ፣ ከፈለ፣ እሱ ራሱም ከኋላ ከጆንያው ላይ ተቀመጠ። በመመለሻው መንገድ አንድም ጊዜ ስለ መኪናዋ ዋጋ አላነሣም። ነገሌ ሲወርድ «እግዜር ይስጥልኝ» ያለው ለእሷ ነው።

ከሹፌር ደሞዝ ተርፎልሃል የሚለኝ ካለ ተሳስቷል። በሳምንቱ ለሹፌሩ እከፍል የነበረውን ጠየቀችኝ፣ እኔም ከፈልኩ፣ እስካሁን እከፍላለሁ። ልዩነቱ የራሷን ከሰል አለመጫኗ ነው። የጌሙን መሪም እጇ መኪናዋን ከለመደ በኋላ አጥብቃ ለልጆቹ መለሰችላቸው፤ ውስጡ ያለው ማንቀጥቀጫ ሞተር እስኪቃጠል ድረስ ተጫወቱበት።

መኪናዋ አልተሸጠችም። የጌሙ መሪ ወጪ ሃያ ሁለት ሺህ ሃምሳ ብር፣ ከልጆቹ የገባ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ብር። ቀሪ ኪሳራ አሥራ ሦስት ሺህ አራት መቶ ብር።