ከእሱ ክፍል የወሰድኩት ቦታ

ባለቤቴ ላፕቶፓችን ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ሲጭን ሃርድ ዲስኩን እንደ ቤት ከፋፍሎት ነበር። ለሲስተሙ አንድ ክፍል፣ ለእኔ አንድ ጠባብ ክፍል፣ ከእኔ ቀጥሎ ደግሞ ለራሱ ሰፊ ክፍል። «አንቺ የምታስቀምጪው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ቦታ አይፈጅም። ከሞላብሽ ከእኔ ቀንሼ እሰጥሻለሁ» አለኝ። እንዴት እንደሚደረግም አንድ ጊዜ አሳይቶኛል።

እሱ ካረፈ በኋላ ከየዘመዱ ፎቶውን እየለመንኩ አጠራቀምኩ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ «ቦታ የለም» አለኝ።

የእሱ ክፍል ግማሹ ባዶ ነው። ፎቶዎቹን እዚያው መጨመር ይቻል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እዚያ ያለው የወፎች ድምፅ ብቻ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ገፈርሳ ግድብ ድረስ በሚኒባስ እየሄደ፣ ውኃው ዳር ቆሞ ድምፃቸውን ይቀዳ ነበር። አንዳንዴ እኔም እከተለው ነበር። ድምፆቹ ሌላ ቦታ አልተገለበጡም፤ ያሉኝ ፍላሾች አይበቋቸውም።

ቃል የገባልኝን ራሴ ልፈጽመው ወሰንኩ። የእሱ ክፍል የሚጀምርበትን ወደፊት ገፍቶ፣ የተለቀቀውን ቦታ ለእኔ መስጠት ነው። ኮምፒውተሩ ወፎቹን ሁሉ እያነሣ ወደ አዲሱ ቦታቸው ያዛውራል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ግን ሁሉም ሊጠፋ ይችላል። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል።

የቡራዩን መብራት ለእግዜር ተውኩት። ከአጥሩ ማዶ ያለው ብየዳ ቤት ግን ከእኔ ጋር አንድ ቆጣሪ ይጠቀማል፤ ማሽኑ ሲነሣ አንዳንዴ መብራቱን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በያጁ ዘንድ ሄድኩ።

«አካም ቡልተን፣ እትዬ!» አለኝ በኦሮምኛ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

«ደህና አደርክ። ዛሬ እስክጠራህ ድረስ ባትበይድልኝ?»

«ምነው፣ እንግዳ መጣብዎት?»

«የኮምፒውተሬን ቦታ ላሰፋ ነው። ከባሌ ክፍል ቆርጬ ከእኔ ልቀጥል።»

«መቁረጥና መቀጠልማ የእኔ ሥራ ነው! ያምጡት፣ አሁኑኑ ልበይደው።» ሳቀ። እንዳልሳቅኩ ሲያይ «ቶሌ» አለና የማሽኑን ገመድ ነቀለ። «የዚህ የምበይደው በር ባለቤት ሲመጣ ግን እርስዎ ነዎት የሚያነጋግሩልኝ።»

ሥራው ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ ቆየ። መብራት መኖሩን እንዲነግረኝ አምፖሉን አብርቼ፣ ወንበር ስቤ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር በዝግታ ሲሞላ አየሁ። እንዲህ ምንም ሳላደርግ የተቀመጥኩት እሱ ታሞ አልጋው አጠገብ በነበርኩበት ጊዜ ብቻ ነው። ብየዳው ጸጥ ሲል ቤቱ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ተሰማኝ። አምፖሉ አንድ ጊዜ ደብዘዝ አለ። ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ምን ላደርግ እንደተነሣሁ ግን አላወቅሁም። መልሶ ደመቀ።

አለቀ። የእኔ ክፍል ሰፍቷል። የእሱን ከፈትኩና የመጀመሪያውን ድምፅ ነካሁት። ንፋስ። ከሩቅ ዳክዬዎች። ከዚያ የእኔው ድምፅ፣ ጫማዬን ስላበላሸው ጭቃ ሳማርር። ከዚያ እሱ፣ ቀስ ብሎ፦

«እስቲ ትንሽ ዝም በይ፣ ይሰሙሻል።»

ዝም አልኩ።

«እትዬ!» አለ በያጁ ከአጥሩ ማዶ። «ተበየደ?»

ወፎቹ እስኪጨርሱ አልመለስኩለትም።