ሁዳዴ ያላለቀበት ቤት

ሥራዬ የሰው አልጋ መፈተሽ ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል የክፍሎች ጽዳት ተቆጣጣሪ ሆኜ ነው ጸጉሬ የሸበተው። የአንሶላ መጨማደድ ከበር ላይ ቆሜ አያለሁ። መታጠቢያ ቤቱን ማን እንዳጸዳው ከጠረኑ እናገራለሁ። ክፍል የሚያጸዱት ልጃገረዶች ከኋላዬ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ፤ ግድ የለኝም። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» የሚለውን ተረት የወረስኩት ከእናቴ ነው። እሷም በደህና ጊዜዋ የጎረቤት ሌማት ከፍታ የምትፈርድ ሴት ነበረች።

እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ከአልጋ ስትቀር የምንኖረው ገርጂ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍት የለውም። ሐሳቧም መንከራተት ጀምሮ ነበር፤ ጠዋት በስሜ ትጠራኛለች፣ ከሰዓት በኋላ በሟች እህቷ ስም። ሠራተኛ ብቀጥር አንዷ በሳምንቷ፣ ሌላዋ በወሯ ጥላኝ ሄደች። ወንድሜ መገናኛ ሱቅ አለው። ሚስቱን ወገቧን እንደሚያማት የነገረኝ እናታችንን ማን ይውሰድ የሚለው ወሬ ገና ሳይነሳ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብዬ ተውኩት።

አያት ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት አንድ ቪላ እንዳለ ሰማሁ። የእድሩ ሰው ሁሉ «እናቷን ጣለች» እንደሚል አውቅ ነበር፤ አለም። እኔ ግን አልጣልኳትም፤ ቤቱን እንደ ሆቴል ክፍል ፈትሼ ነው ያስገባኋት። የበሩን ጉበን በጣቴ ጠረግሁ፣ አቧራ የለም። ፍራሹን ገልጬ አሸተትሁ። ሽንት ቤቱን፣ ወጥ ቤቱን፣ የፎጣውን መደርደሪያ አየሁ። የቤቱ ባለቤት ድሮ ነርስ የነበረች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት፤ ከኋላ ከኋላዬ እየተከተለች ታየኝ ነበር። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ነገርኳት፤ አንድ ቀን ሽንት ከሸተተኝ የዚያኑ ዕለት እናቴን ይዤ እወጣለሁ አልኳት። ፈገግ ብላ ተስማማች። ጠያቂ የሚገባው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መሆኑን ነገረችኝ፤ ጠዋት አዛውንቶቹን ማጠብና ማልበስ ስላለ እንግዳ ያውካል አለች። እኔም እንግዳ ሳይመጣ ክፍል ማሰናዳት እንጀራዬ ነውና ደስ አለኝ።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው ያስገባናት። እሁድ እሁድ ከገርጂ መገናኛ፣ ከመገናኛ በባቡር አያት እሄዳለሁ። አንሶላው ሁልጊዜ የተወጠረ፣ ጋቢዋ የነጣ፣ ጸጉሯ የተሠራ ነው። ሽታ የሚባል ነገር የለም። ከሁሉ ያስደሰተኝ ደግሞ የምግብ ፍላጎቷ ነበር። እኔ ቤት ሦስት ጉርሻ እንድትቀበለኝ ስለማመጣት የኖርኩት ሴትዮ፣ እዚያ ሽሮዋን ሳህኑ እስኪነጣ ትበላለች። ጣቷን ትልሳለች። አንድ እሁድ ስትበላ እያየሁ በደስታ አለቀስኩ። ከንፈሯ ደርቆ ስለተሰነጣጠቀ ቫዝሊን ገዝቼ ወሰድኩላት። ቀጥናለች ብል ተንከባካቢዋ ልጅ እድሜ ነው አለችኝ፤ እድሜ ነው አልኩ።

ለፋሲካ ሆቴሉ ሞልቶ ስለነበር እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ተራው የወንድሜ ነበር። እሱም በማግስቱ ጠዋት ዶሮ ወጥ በምግብ መያዣ ሰርቪስ ይዞ ሄዶ፣ የጥየቃ ሰዓት ገና ነው ሲሉት ለዘበኛው ሰጥቶ ተመለሰ። በሳምንቱ፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ እኔ የተቀቀለ እንቁላልና እርጎ ይዤ ደረስኩ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። ጾም ነው አለችኝ። ፋሲካ እኮ አለፈ ብዬ ሳቅሁ፤ እንደ ቀጣፊ አየችኝ። ልጅቷ በር ላይ ሆና፣ በየቀኑ እንነግራቸዋለን፣ አይሰሙም፣ ሐሳባቸው እዚያው ቀርቷል አለች። ስለ ትዕግሥቷ አመሰገንኳት። እንቁላሉንም ለእሷ ሰጠኋት።

ሃምሳው ሳያልቅ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት እዚያው አያት ሰፈር ለቅሶ ነበረብኝ። ከዚያ ስወጣ እናቴን ሳላያት አልሄድም ብዬ ወደ ቪላው አቀናሁ። አራት ሰዓት ገደማ ነው። ዘበኛው በሩን ቆልፎ ወደ ሱቅ ሄዷል። በፍርግርጉ ውስጥ ሳይ ግቢው ውስጥ በፕላስቲክ ወንበር ፀሐይ የሚሞቁ አንድ ሽማግሌ አሉ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ሙስሊም፤ ድሮ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ይነዱ እንደነበር አንድ እሁድ አጫውተውኛል። ጉልበታቸው እንጂ ሐሳባቸው አልደከመም። ዱላቸውን ይዘው ወደ በሩ ተጠጉ።

አሁን አያስገቡሽም አሉኝ፤ እናትሽ ገና ናቸው። ምኑ ነው ገና፣ አልኳቸው። ሽማግሌው ወደ ኋላቸው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እዚህ ቤት ሁዳዴ አላለቀም፣ የኔ ልጅ። እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱ። እኔ ረመዳኔን ጾሜ ጨርሻለሁ፤ ይኸንን ደግሞ ደርበውልኛል።»

መጀመሪያ እየቀለዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀጠሉ። እሳቸውስ ጠዋት ከዘበኛው ጋር ዳቦ ይካፈላሉ፤ አልጋ ላይ ያሉት ናቸው ምስኪኖቹ። ወንድሜ ዶሮውን ያመጣ ጊዜ ሽታው እሳቸው ክፍል ድረስ መጥቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ በሉት። ለምን ለልጅዎ አልነገሩም አልኳቸው።

«ልጄም እንዳንቺ አንሶላውን ነው የሚያየው» አሉኝ።

ያኔ ዘበኛው መጣ። በሩን ሲከፍት ገፍቼው ገባሁ። የእናቴ ክፍል በር ገርበብ ብሏል፤ ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታኝ መስኮት ትወለውላለች። እናቴ በዚያ በተወጠረ አንሶላ ላይ ተንጋላ ኮርኒሱን ታያለች።

«ቅዳሴ ወጣ እንዴ?» አለች እናቴ።

«ገና ነው እማማ። ሁዳዴ አይደል? ትንሽ ይታገሱ።»

«ያስፈጽመን» አለች እናቴ፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

ልጅቷ ብትቆጣት፣ ብታመናጭቃት ይሻለኝ ነበር። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ እስካሁን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ቅዳሜና እሁድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማይጾም ሕፃን ያውቃል። እኔ ግን ለስንት እሁድ እናቴ በዘጠኝ ሰዓት የመጀመሪያ እህሏን ስትስገበገብ እያየሁ ፍላጎቷ ተከፈተ ብዬ ስለት አስገብቻለሁ። ያልበላ ሰው አያቆሽሽም። ያልጠጣ ሰው አልጋ አያረጥብም። ያ ሁሉ ያደነቅሁት ንጹሕ አንሶላ የእናቴ ረሃብ ነበር። ላዩን አይቼ ውስጡን ለቄስ ትቼዋለሁ።

ባለቤቷን ቢሮዋ ውስጥ አገኘኋት። ጮኽኩ፣ ተሳደብኩ፣ ለመንግሥት እነግራለሁ አልኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። አዛውንቶቹ ብዙ፣ የምታነሳና የምታጥበው ልጅ አንድ መሆኗን፣ እናቴም ጾም ነው ከተባለች እንደማታስቸግር፣ እንዲያውም እንደምትረጋጋ አስረዳችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እርስዎ እኮ የመጀመሪያ ቀን ምን ይበላሉ ብለው አልጠየቁኝም። ሽታ እንዳይኖር አሉ። ሸተተዎት?»

ወደ እናቴ ክፍል ተመልሼ ልብሷን መሰብሰብ ጀመርኩ።

በዚያው ቀን ይዣት ወጣሁ። ወንድሜ መኪናውን ይዞ መጣ። ነገሩን ሁሉ ስነግረው ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ ታዲያ ሰርቪሱስ እዚያው ቀረ ማለት ነው አለ። በጥፊ ላጠናግረው ነበር፤ እናታችንን ከኋላ ወንበር ላይ ደግፌ ስለነበር ተረፈ። ገርጂ ስንደርስ ሁለት የቀን ሠራተኞች በወንበር ተሸክመው አራት ፎቅ አወጧት። አትከብድም አሉኝ፤ ሊያጽናኑኝ መስሏቸው ነው።

ቤቴ ስትገባ ሁሉም ነገር የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ወተት አሞቅሁ፣ ገንፎ አገነፋሁ፣ መረቅ ሠራሁ። ጾም ነው አለች። ከሽሮ በቀር አልቀምስም አለች፤ እሱንም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ፋሲካ አልፏል ብዬ በእግዚአብሔር ስም ማልኩላት። ክሊኒክ ያያት ሐኪም በዚህ ከቀጠለች ሰውነቷ አይመለስም አለኝ። ትዕግሥት ከእናቴ አልወረስኩም። በሁለተኛው ቀን መንጋጋዋን ይዤ ወተቱን በማንኪያ ላስገባ ታገልኩ። ጥርሷን ገጠመች። ወተቱ በአገጯ፣ በአንገቷ ወርዶ አንሶላውን አራሰው። ምን ታደርጊኛለሽ የሚል ዓይን ነበር ያየችኝ፤ ልጇ ሳልሆን ሃይማኖቷን ልታስክዳት የመጣች አረመኔ ሆኜ ታየኋት።

የንስሐ አባቷን ለምኜ አመጣኋቸው። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ በየፎቁ እያረፉ ወጡ። መስቀላቸውን አሳለሟትና ጎንበስ ብለው በጆሮዋ፣

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አሏት።

እናቴ ድንግጥ አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» አለች። ከዓመት ወዲህ ያልሰማሁት ጥርት ያለ ድምፅ ነበር።

ቄሱ ኩባያውን ተቀብለውኝ ከወተቱ አቀመሷት። ጠጣች። አጎረሷት፤ በላች። እኔ እግራቸው ሥር ተደፍቼ ማልቀስ ጀመርኩ። ሲበቃት አፏን በጋቢዋ ጠረገችና፣ ዛሬ ነው ወይ የተፈሰከው ብላ ጠየቀቻቸው። ቄሱ ውሸት አልሆነላቸውም። ቆይቷል እናቴ፣ ሳምንታት ሆኖታል አሏት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ያን ቀን በሟች እህቷ ስም አልጠራችኝም፤ ማን እንደሆንኩ ደህና አድርጋ ታውቅ ነበር።

«እናንተስ?»

«እኛማ... በቀኑ ነው፣ እማዬ።»

«እኔን ትታችሁ ፈሰካችሁ?»

አዎ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም፤ ቄሱም ጸሎታቸውን አድርሰው ወረዱ።

አሁን እናቴ ትበላለች። ጎረቤቴ ስታጎርሳት ትበላለች። ወገቧን የሚያማት የወንድሜ ሚስት እንኳ በወር አንዴ መጥታ ስታጎርሳት እየመረቀች ትቀበላታለች። ከንፈሯ ድኗል፣ ጉንጯ መለስ ብሏል፣ አንሶላዋን በቀን ሁለት ጊዜ እቀይራለሁ። እኔ ማንኪያውን ሳነሳ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞርና «ጾም ነው» ትለኛለች።