ያለ ደብዳቤ መሄድ

ታናሽ ወንድሜ ግንባር ላይ መሞቱን የነገረኝ በፈቃድ የመጣ የጦር ጓደኛው ነው፤ መሐል ሜዳ ከተማ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ። እናታችን የምትኖረው ገጠር፣ ዘመሮ ነበር። በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ሰብስቤ ጎህ ሲቀድ መርዶውን ማድረስ ነበረብኝ። አላደረግኩትም። በወንድሜ ስም ደብዳቤ ጽፌ ሄድኩና አነበብኩላት። ፊደል አትቆጥርም፤ አመነችኝ። እንዲህ እያልኩ ሰባት ወር ቆየሁ፤ ፈሪ ነኝ።

እጄ ጠመኔ መያዝ ሲያቅተው ጠበል ገባሁ። ሱባኤዬን ጨረስኩ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልተወኝም። በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ሄጄ ለአንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሁሉንም ነገርኩት።

«ከሕክምናው ምን ይፈልጋሉ፣ መምህር?» አለኝ።

«መርሳት። እናቴም ሳትሰማ እንድትኖር።» ስለት የምሳል ነው የሚመስለው።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እሱን እኔም እርስዎም አንችለውም። እስከሚቀጥለው ወር የሚችሉትን ይንገሩኝ። ትንሽ ይሁን።»

ተናደድኩ። ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ የተንገላታሁት ለትንሽ ነገር ነው? «አዲስ ደብዳቤ አልጽፍም» አልኩ። መዘገበው።

በወሩ ባዶ እጄን ዘመሮ ሄድኩ። እናቴ ለወንድሜ ብርድ ልብስ፣ ባና የሚሆን የበግ ፀጉር እየፈተለች ነበር።

«ዛሬስ አልጻፈም?»

«አልጻፈም፣ እማዬ።»

«እንግዲያ ያለፈውን አንብብልኝ።»

ሁለት መስመር እንዳነበብኩ ወረቀቱን አጠፍኩት። እሷ እንዝርቷን እያሾረች የቀረውን በቃሏ ወጣችው፤ «ለፋሲካ እመጣለሁ፤ ብርዱ በርትቶብኛልና ባናዬን አድርሺልኝ።» እኔ የፈጠርኩትን አንድ ቃል አልገደፈችም። ራሴን ተጠየፍኩት።

«ግብዎን አሳክተዋል» አለኝ ነርሱ፣ ደብረ ብርሃን ስመለስ። ልመታው ምንም አልቀረኝ።

«ቀጣዩስ?» ሲል ቀጠለ።

«ሽማግሌዎች ይነግሯታል።»

«እርስዎ መናገር ይችላሉ?»

«አልችልም።»

«የሚችሉትስ?»

መርዶ የሰማች እናት ራሷን መሬት ላይ እንደምትጥል አውቃለሁ። «ስትወድቅ እይዛታለሁ» አልኩት። ጻፈው።

መርዶው በሚነገርበት ንጋት ሽማግሌዎቹን በር ላይ ስታይ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባት። ያዝኳት። ስትጮህ፣ ደረቷን ልትደቃ ስትታገለኝ ቆይታ ድንገት ዞረችና አየችኝ።

«ደብዳቤውንስ ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት። ገፈተረችኝ፤ አልለቀቅኳትም።