የወንበር ፋብሪካው ሐዲድ

ሎይድ ሄፍነር በፔንሲልቫኒያ ተራሮች ሠላሳ አንድ ዓመት የሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ያደገባትን ከተማ ከነባቡር ሐዲዷና ከነፋብሪካዎቿ በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ፣ በጣውላ ላይ አሳንሶ ሠራት። እያንዳንዱ ፋብሪካ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚልክ በካርድ ላይ ሳያሰፍር አንዲት ክንድ ሐዲድ አይዘረጋለትም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቹ ይመጡና ካርዶቹን ተከፋፍለው ትንንሾቹን ፉርጎዎች ለየፋብሪካው ያደርሳሉ። እኔም ፎቁን ተከራይቼ ስለምኖር አልቀርም ነበር። ለሎይድ ከሁሉም የሚቀርበው ኤመሪ የሚባል የቀድሞ ባቡር ነጂ ነው። በነሐሴ ግን ተጨቃጭቀዋል፤ ኤመሪ የወንበር ፋብሪካው ከወንዙ ማዶ ይሁን ሲል፣ ሎይድ ከጣቢያው ጀርባ አቆመው።

በጥር ፉርጎዎች ልክ እዚያ ፋብሪካ በር ላይ ይገለበጡ ጀመር። ሎይድ ሐዲዱን ያቃናል፤ በሳምንቱ ጎብጦ ያገኘዋል።

«የሰው እጅ ነው» አለኝ።

«የማን?»

«የዚያ ማዶ ይሁን ያለው ሰውዬ ነዋ!»

የሚስቱን ፑድራ ሐዲዱ ዳር ነሰነሰ። የጣት አሻራ አልተገኘም።

«ጓንት አድርጎ ነው» አለ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ኤመሪ ጎንበስ ሲል ሎይድ ጮኸ። «ክርንህን አንሳ!»

«ምን ነካህ አንተ ሽማግሌ?»

«ሐዲዴን የምታጎብጠው አንተ ነህ!»

ኤመሪ ሳቀ። ማንም አብሮት እንዳልሳቀ ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«አንተ በጠገንከው ሐዲድ ላይ ስንት ዓመት ነዳሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ጠርጥሬህ አላውቅም» አለና ከቤቱ ያመጣውን ትንሽ ባቡር በካርቶን አድርጎ ወጣ።

ሎይድ ምድር ቤቱን ቆለፈ። ሰኞ ሲከፍተው ጣውላው ላይ በሠራው የባቡር ዋሻ ውስጥ፣ የማንም ክንድ የማይደርስበት ቦታ፣ ሌላ ሐዲድ ጎብጦ ጠበቀው። እኔን ጠርቶ በባትሪ አሳየኝ። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

ነገሩ ያኔ ገባው። ሐዲድ ሲዘረጋ፣ በሙቀት ሲለጠጥ እንዳይጎብጥ በመጋጠሚያው ላይ ክፍተት ይተዋል፤ ሎይድ ራሱ ይህን የዘነጋ ሠራተኛ ስንት ጊዜ ሰድቧል! ምድር ቤት ፀሐይ የለም ብሎ ግን አጥብቆ ገጠመው። በነሐሴ እርጥበት ያበጠው ጣውላ በብርዱ ወራት በቤቱ ማሞቂያ ደርቆ ሲኮማተር፣ ሐዲዱ መሄጃ አጥቶ ጎበጠ።

ወዲያው በበረዶው ውስጥ ኤመሪ ቤት ወሰድኩት። ኤመሪ በሩን ገርበብ አድርጎ ከፈተ።

«ጣውላው ነው፤ ክፍተት አልተውኩም» አለ ሎይድ። «ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ጎንበስ ያልኩት መጋጠሚያውን ላሳይህ ነበር። አንተ ግን የምታየው እጄን ብቻ ነበር።»

ሐሙስ ዕለት ኤመሪ መጣ። ሎይድ የወንበር ፋብሪካውን ካርድ ዘረጋለት።

«ለሌላ ሰው ስጠው» አለ ኤመሪ።

እስክንበተን ድረስ ከጣውላው አንድ እርምጃ ርቆ፣ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ።