በአንድ እጅ የሚከፈት ቦርሳ

ወረታ ገበያው ዳር ባለው የጋሽ እንድሪስ ስፌት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የስፌት መኪና ላይ እቀመጣለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ጋሽ እንድሪስ ግን ያረጀ የመንገድ ቦርሳና አንድ ምላጭ ሰጡኝ።

«ፍቺው» አሉኝ። «ሸራውን ሳትነኪ ክሩን ብቻ። ስትጨርሺ ቁራጮቹን ዘርግተሽ የቱ የት እንደነበር ትነግሪኛለሽ።»

እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት ድረስ ስፈታ ዋልኩ። ሁለት ቦታ ላይ ምላጩ አምልጦኝ ሸራውን በሳሁት። ቁራጮቹን ስዘረጋም የአፉን ከጎኑ ጋር አምታታሁት። ጋሽ እንድሪስ አልተቆጡም። ምላጩን ተቀብለውኝ «ነገም የሚፈታ አለ» አሉ።

በዚያ ቤት ሥራው ደረጃ ነበረው። አዲስ የገባ ይፈታል። ከዚያ ይተኩሳል፣ ገበር ይሰፋል፣ ማንገቻ ያያይዛል። እጁ ሲጸና ዚፕ ይገጥማል። መቁረጥ ግን የጋሽ እንድሪስ ብቻ ነበር። እኔ ዚፕ ላይ ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የምንሰፋው የመንገድ ቦርሳ አንድ ዓይነት ነበር። ወንዛዬ ፍል ውኃ የሚሄድ በሽተኛም፣ ባሕር ዳር የሚማር ተማሪም፣ ሸቀጥ ሊያመጣ የሚወጣ ነጋዴም ያንኑ ነው የሚይዘው። ልኩ በካርቶን የተቆረጠ ነው፤ አንድ ለፊት፣ አንድ ለጎን፣ አንድ ለመቀመጫ፣ አንድ ደግሞ ዚፕ ለሚገባበት አፍ። ጋሽ እንድሪስ ካርቶኖቹን ሸራው ላይ ይደረድሩና ዙሪያቸውን በጠመኔ ያሰምራሉ። ለስፌት አንድ ጣት ያህል ትተው ይቆርጣሉ። አደራደራቸው ሸራ አያባክንም፤ የተረፈው ብጣሽ እንኳ ኪስ ይወጣዋል። ስለዚህ ካርቶኑን የሚነካ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛ ዓመቴን ስይዝ፣ ሰኔ ላይ፣ መምህርት የሺ መጣች። ከይፋግ ወዲህ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ታስተምራለች። በዕድሜ እኩያዬ ናት ማለት ይቻላል። ቀኝ እጇ ከክርኗ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያበቃል። የሩዝ መፈልፈያ ቀበቶ ነው የወሰደባት።

«ለክረምት ትምህርት ጎንደር እሄዳለሁ» አለች። «ራሴ የምከፍተው፣ ራሴ የምዘጋው ቦርሳ ስፉልኝ።»

«የኛን ቦርሳ ሕፃንም ይከፍተዋል» አሏት ጋሽ እንድሪስ።

ሥራው ለእኔ ደረሰኝ። ጥሩ ዚፕ መረጥኩላት። ጥርሱን በሻማ አሸሁት፤ እንደ ውኃ ይሄድ ጀመር። በሥራዬ ኮርቼ ሰቀልኩት።

ቅዳሜ፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ ልትወስድ መጣች። ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ዚፑን በግራ እጇ ሳበችው። ዚፑ አልሄደም፤ ቦርሳው አብሮ ተሳበ። ደግማ ሞከረች፣ አሁንም ተከተላት። ዚፕ አንዱ እጅ ሲስብ ሌላው ጫፉን ካልያዘለት አይሄድም። ይህን ስንት ቦርሳ ሰፍቼ አስቤው አላውቅም ነበር። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ የሸራውን ጫፍ በጥርሷ ነከሰችና ዘጋችው። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ገበያተኞች ዞረው አዩዋት።

«ጥርሴ አያቅተውም» አለች ቀና ብላ። «ሰው ፊት ግን በጥርሴ አልከፍትም።»

ጋሽ እንድሪስ ሊያጽናኗት ፈልገው «መኪና ላይ እኮ ሰው አይጠፋም፤ አጠገብሽ ያለው ይከፍትልሻል» አሏት።

«ከፍቶልኛል ጋሼ። ባለፈው ክረምት ኬላ ላይ መታወቂያ አውጡ ሲባል፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሳልጠይቀው ቦርሳዬን ተቀበለኝ። መታወቂያውን ፍለጋ የውስጥ ልብሴን መንገደኛው እያየ አንድ በአንድ አወጣው። ክፋት የለበትም፤ ማገዙ ነው። እኔ ግን ጎንደር እስክንገባ ቀና አላልኩም።»

ጋሽ እንድሪስ ጠመኔያቸውን ወዲህ ወዲያ ሲያገላብጡ ቆዩና «ተይው፣ እናየዋለን» አሏት። ከሄደች በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዚፑን እንደሚሆን አድርገሽ ሞክሪ። ካርቶኑን ግን ለአንድ ቦርሳ ብለን አንለውጥም። ነገ ሁሉም የየራሱን ቢለን ሸራው ምን ሊሆን ነው?»

እቤቴ ገብቼ ቀኝ እጄን በሻሽ ከወገቤ ጋር አሰርኩ። ባዶ ቦርሳ ፊቴ አድርጌ በግራዬ ብዙ ሞከርኩ። በዚፕ እንደማይሆን ገባኝ። በማግስቱ ዚፑን ፈታሁና ሰፊ ክዳን ቀጥዬ ተጣብቆ የሚላቀቅ የጨርቅ ማጣበቂያ ሰፋሁበት። በአንድ እጅ ብድግ ሲደረግ ይከፈታል፣ ጫን ሲደረግ ይዘጋል። አገኘሁት አልኩ።

መምህርት የሺ መጥታ ከፈተችው፣ ዘጋችው። ደስ አላት። ከዚያ ይዛ የመጣችውን መጻሕፍትና ጋቢ ከተተችበት። ቦርሳው ሲሞላ ክዳኑ አልደርስ አለ። በግድ ስትጫነው ማጣበቂያው ተላቆ ተከፈተ።

«ባዶ ቦርሳ ይዤ አልሄድማ» አለችኝ።

«እጄን አስሬ ሞክሬው ነበር» አልኳት።

«የቱን እጅሽን?»

«ቀኙን። ከወገቤ ጋር።»

ሳቀች። ሳቋ ክፉ አልነበረም። «እኔ እኮ ከወገቤ ጋር አላሰርኩትም። ክንድ አለኝ። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

መጀመሪያ ከመጣችበት ቀን አንሥቶ እጇን ያየሁ እንዳይመስላት ስል ከፊቷ በቀር የትም አላየሁም። እሷ የምትሠራበትን ክንድ ሳላይ ነው ሁለት ጊዜ የሰፋሁላት።

«እስቲ አሳዪኝ» አልኳት።

የቀሚሷን እጅጌ ሰበሰበች። ክንዷ ጠንካራ ነበር። «በዚህ ባልዲ አንጠለጥላለሁ» አለች። የቦርሳውን ማንገቻ ክንዷ ላይ አስገብታ አነሣችው። «በዚህ ደብተር ተጭኜ በግራዬ አርማለሁ። የሚገባበት ነገር ካገኘ ይይዛል።»

ሜትሬን አወጣሁና ክንዷን ለካሁት፤ ዙሪያውን፣ ከዚያም ከክርኗ እስከ ጫፉ። አንድ ሰው ለቀሚስ እንደሚለካ ቀጥ አድርጋ ሰጠችኝ።

የሚያስፈልጋት ዚፑ ከሚነሣበት ጫፍ ላይ ክንድ የሚያስገባ የሸራ ቀለበት ነበር። ክንዷ ጫፉን ይይዛል፣ ግራዋ ዚፑን ይስባል። ቀለበቱ የሚያርፍበት ግን አፉ አራት ጣት መርዘም ነበረበት። ያ ማለት ካርቶኑን መለወጥ ነው።

ዓርብ ጋሽ እንድሪስ ለጁምዓ መስጊድ ሄዱ። የአፉን ካርቶን የሳሙና ካርቶን ላይ አስቀምጬ ቅርጹን ገለበጥኩ፣ ጫፉን አስረዘምኩት። የእሳቸውን አልነካሁም። ከአዲሱ ሸራ ግን ሳላስፈቅድ ቆረጥኩ። እሳቸው ሳይመለሱ ልጨርስ ስቸኩል ለስፌት የሚቀረውን አንድ ጣት ረሳሁት። የመጀመሪያው ቁራጭ ጠበበኝ። ሁለተኛ ቆረጥኩ።

ጋሽ እንድሪስ ሲመለሱ ቦርሳው ተሰፍቶ አልቋል፤ የተበላሸው ቁራጭም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

«ማነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ማን ቁረጪ አለሽ?»

«ማንም አላለኝም።»

የተበላሸውን ቁራጭ አንሥተው በጣታቸው ለኩት። «ለስፌት አልተውሽም» አሉ። ከዚህ ቤት ወጣሁ ብዬ ቁርጤን አውቄ ቆምኩ።

ከዚያ ቦርሳውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ቀኝ ጣቶቻቸውን ጨብጠው ክንዳቸውን ቀለበቱ ውስጥ አስገቡ፤ በግራቸው ዚፑን ሳቡ። ተዘጋ። ቅንድባቸው ከፍ አለ። ቀጥለው ሊከፍቱት መልሰው ሳቡት። ቦርሳው አብሮ ተጎተተ።

«ዘግተሽ ልትልኪያት ነው?» አሉኝ።

ሲዘጋ የሚያዘው አንዱ ጫፍ፣ ሲከፈት የሚያዘው ሌላው ጫፍ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ቀለበት በሁለቱም በኩል ያስፈልጋል። ጋሽ እንድሪስ መኪናው ላይ ተቀምጠው ያበላሸሁትን ቁራጭ አጥፈው ሁለተኛውን ቀለበት ከእሱ አወጡት። የእኔንም ቀለበት ገለባብጠው አዩና «ይህ ስፌት ይፋግንም አያልፍ» ብለው አራት ማዕዘን አዙረው፣ መካከሉን በመስቀለኛ ሰፉት። የዚፑ መሳቢያ ላይ ጣት የሚያስገባ የብረት ቀለበት አንጠለጠሉ።

«ሳምንቱን ወደ መፍታት ትመለሻለሽ» አሉኝ ሲነሡ። «ከዚያ በኋላ መቁረጥ አስተምርሻለሁ። እንዲህ ሸራ ከምትፈጂብኝ።»

ከንግግራቸው የሰማሁት ሁለተኛውን ብቻ ነበር።

መምህርት የሺ ቦርሳውን ሞልታ ሦስት ጊዜ ከፈተችው፣ ሦስት ጊዜ ዘጋችው። ሦስተኛውን ሳታይ፣ ወደ መንገዱ እየተመለከተች ነው የዘጋችው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ማንገቻውን በአንገቷ አጥልቃ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

መስከረም ላይ ተመልሳ ጎበኘችን። ስትሄድ የርብ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ይዞት እንደነበር ነገረችን።

«ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ጓዙን ተሸክሞ ነው በእግሩ የተሻገረው» አለች። «ቦርሳው ጀርባዬ ላይ ነው፣ እጄ ባዶ ነው። አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛ ቆማ ነበር። ትልቁን እኔ ይዤላት ተሻገርን።»

«ዚፑ ምን ሆነ?» አሏት ጋሽ እንድሪስ።

«ደለል ገብቶበት ነበር። አጠብኩት።»

«ልየው?» አሉና እጃቸውን ሳይዘረጉ ጠበቁ። ክንዷን አስገብታ ከፈተችላቸው።

ጋሽ እንድሪስ አሁን በሕይወት የሉም። እኔ የራሴ ስፌት ቤት አለኝ፤ ሦስት ሰፊዎች አብረውኝ ይሠራሉ። ቦርሳ የሚያሰፋ ሰው ሲመጣ ሜትር ከማውጣታችን በፊት እንጠይቃለን። በምን ትይዘዋለህ? የት ላይ ሆነህ ትከፍተዋለህ? እስቲ አሳየን። ያኔ መምህርት የሺን ሳልጠይቅ የቀረሁት እሷን እንዳላሳፍር መስሎኝ ነበር። ያፈርኩት እኔ ነበርኩ። ስለ ክንዷ በመጀመሪያው ቀን ብጠይቃት ኖሮ፣ በመጀመሪያው ቀን ትነግረኝ ነበር።